ጃዙ እንግዳ፣ ድምፁ ባለቤት፦ ስለ እጅጋየሁ ሽባባው የመጀመሪያ ዘመን ዘፈኖች

ባለፈው ሰሞን በግቢያችን በተዘጋጀ አንድ የኪነት ምሽት ላይ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጊታሯን ይዛ ወጣች። የተጫወተችው ራሷ የደረሰችውን ዘፈን ነበር። ግጥሙ አማርኛ ነው፤ ዜማው ባቲ ባቲ ይሸታል፤ ጊታሩ ግን እኛ ከለመድነው አጀብ ወጣ ብሎ ጃዝ ጃዝ ይላል። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ታዲያ ልጅቱ ከመድረክ ስትወርድ ከኋላ ወንበር አንድ ጓደኛችን፣ «እንዴ! ይቺ ልጅ ወይ አገርኛውን ትዝፈን፣ ወይ ፈረንጅኛውን ትዝፈን፤ በሁለት ልብ የት ልትደርስ ነው?» አለ። ሌላው ተቀበለና፣ «ጂጂስ ያደረገችው ይኸንኑ አይደል? ያን የመሰለ ድምፅ ወስዳ ለፈረንጅ አስረከበችው» ሲል ጨመረበት። ልጅቱ ሰምታለች። መልስ አልሰጠችም፤ ጊታሯን ከረጢቱ ውስጥ ከታ ሄደች።

እኛ ግን ነገሩን እንዲሁ ትተነው ለመሄድ አልሆነልንም። ከግቢ ወጥተን እስከ ጣና ዳር በእግራችን እየሄድን ተከራከርን፤ ዛፎቹ ሥር ተቀምጠንም ተከራከርን። በማግስቱ ደግሞ «ሳይሰሙ መፍረድ ይቅርብን» ብለን የጂጂን የመጀመሪያ ዘመን ሥራዎች ከአንድ ስልክና ከአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ይዘን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ተሰበሰብን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ስብሰባ ውጤት ነው። ሂስ ስድብም ውዳሴም አይደለም ብለን እናምናለንና የወደድነውንም ያልወደድነውንም ሳንሸሽግ እናቀርባለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ እጅጋየሁ ሽባባው ከታላላቆቹ የጃዝ ሰዎች ጋር ስትገናኝ ማን ማንን ዋጠ? ጃዙ እሷን ነው ወይስ እሷ ጃዙን? (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን መንገዷን እንይ። ጂጂ የተወለደችውና ያደገችው ቻግኒ ነው። ቻግኒ ለኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ወደ ምዕራብ ለሚታጠፍ መንገደኛ የሚያገኛት የአዊ ከተማ ናት። አማርኛና አገውኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት፣ ደጋው ወደ መተከል ቆላ መውረድ የሚጀምርባት ቦታ ናት። ጂጂ ራሷ እንደተናገረችው፣ የልጅነት ዜማዋን የተማረችው ቤታቸው ይመጡ ከነበሩ ቄስ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። ጥቂት ዓመታት ናይሮቢ ኖረች፤ በ1998 ገደማም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገረች። በ1997 «ፀሐይ»፣ በ1998 «ዋን ኢትዮጵያ» የተባሉት ሥራዎቿ ወጡ። እነዚህ በመጀመሪያ የደረሱት በውጭ አገር ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ጆሮ ነው። በዚህ መካከል አንድ ሰው ሰማት፤ ክሪስ ብላክዌል። ሰውየው አይላንድ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ መሥርቶ ቦብ ማርሊንና ሬጌን ለዓለም ያዳረሰ ነው፤ በጊዜው ደግሞ ፓልም ፒክቸርስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነበረው። አልበሟን እንዲያቀናጅ የተመደበው ቢል ላዝዌል ነበር፤ የቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ ኋላም የትዳር ጓደኛዋ። በ2001 በአጭሩ «ጂጂ» ተብሎ የወጣው አልበም እንግዲህ እንዲህ ተወለደ።

አልበሙ ውስጥ እነማን ተጫወቱ ብለን ስንጠይቅ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን። ፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክና ሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር በ1960ዎቹ በማይልስ ዴቪስ ቡድን ውስጥ የነበሩ፣ የጃዝን አቅጣጫ ካስቀየሩት መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ፋሮዋ ሳንደርስ በጆን ኮልትሬን ጎን ሳክስፎኑን ያስጮኸ ሰው ነው። ሳንደርስ በ2022፣ ሾርተር በ2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እነዚህ ሰዎች ከአንዲት ገና ስሟ ከማይታወቅ የቻግኒ ልጅ ጋር፣ ቃሉን በማያውቁት ቋንቋ ተጫወቱ። ጓደኞቻችን «አስረከበችው» ያሉት እንግዲህ ይህንን ሥራ ነው። አልበሙ በወጣበት ጊዜም ውጪው ሲያደንቀው አገር ቤት ደግሞ «ይህ የኛ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ተነስቶበት ነበር።

«ጃዝ ባዕድ ነው» ለሚለው አስተያየት ረዘም ያለ መልስ አያስፈልግም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ላይ የነሐስ መሣሪያ ከነፉ መቶ ዓመት አልፎታል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን ከአፍ ወደ ሳክስፎን አሻገሩ። ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝ አገርና ቦስተን ተምረው፣ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከጃዝ ስምምነት ጋር አጋብተው፣ ኢትዮ ጃዝ የሚለውን ስም ሰጡን። እሳቸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ያወጡት በ1972 ነው፤ በዓመቱ ደግሞ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጣ። ይህ ሁሉ የሆነው ጂጂ ሳትወለድ ነው። በመሆኑም በሩን የከፈተችው እሷ አይደለችም፤ ተከፍቶ አገኘችው።

ነገር ግን አንድ ክፍተት ነበር። ኢትዮ ጃዝ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መሣሪያ ነው፤ ቫይብራፎን፣ ሳክስፎን፣ ኦርጋን። ቃል የለውም፤ ወይም ቃል ሲኖረው ቃሉ ለዳንስ የሚበቃ ያህል ነው። ዘፈኑን ራሱ የሚጽፍ፣ ዜማውን ራሱ የሚያወጣ፣ ከዚያም ከጃዝ ተጫዋች ጋር ፊት ለፊት ቆሞ የሚነጋገር ድምፅ ብርቅ ነበር፤ በተለይ ሴት ስትሆን። ጂጂ ይዛ የመጣችው አዲስ ነገር እዚህ ላይ ነው። ይዘትን ከቅርጽ ሳትነጥል፣ ግጥምና ዜማን በአንድ እጅ ይዛ መጣች።

እስቲ ድምፁን እንመርምረው። የጃዝ ዘፋኝ በልማድ እንደ መሣሪያ ይጫወታል፤ ቃሉን ይሰባብራል፣ ትርጉም በሌለው ድምፅ ይሮጣል፣ ምቱን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይይዛል። ጂጂ ቃሉን አትሰባብርም። ታዘገየዋለች፣ ትስበዋለች፣ በአንዲት ፊደል ላይ ቆማ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታጥፈዋለች። ይህን የት ሰማነው? ክርክራችን ውስጥ አንዱ፣ «ኧረ ይሄ ማኅሌት ነው!» አለና ሁላችንም ዝም አልን። እውነት ነው፤ ቄሱ ቤታቸው ያስተማሯት ዜማ እዚያው አለ። አንዲት ቃል በብዙ እጥፋት መዘርጋቷ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ መያዟ፣ ከዚያ በድንገት መጣሏ ከኒውዮርክ የመጣ አይደለም። ከዚህ ከኛው ደብር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሳክስፎኑ ምን እንደሚያደርግ አዳመጥን። አዝማሪ ሲጫወት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አዝማሪው ስንኙን ጥሎ ዝም ሲል ማሲንቆው ያንኑ ስንኝ በራሱ አንደበት ይደግመዋል፤ አንዳንዴም ይመልስለታል። አልበሙ በተዋጣለት ቦታ ሁሉ ነፊዎቹ የሚሠሩት ይህንን የማሲንቆ ሥራ ነው። ጂጂ ቃሉን ትጥላለች፤ ነፊው ተቀብሎ ይመልሳል፤ እሷ ደግሞ ትቀጥላለች። ቃሏን ባያውቁትም የድምፁን አጥፋት አዳምጠዋል። እኛ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፦ እነዚያ ታላላቅ ሰዎች በዚህ አልበም ውስጥ እንግዶች ናቸው፤ ቤቱ የእሷ ነው። እንግዳ ደግሞ ክቡር ነው፤ ሞሰቡ ቀረብ ይደረግለታል፤ ጠላውም ይቀዳለታል፤ የቤቱን ምሰሶ ግን አይነቅልም።

ወደ ዘፈኖቹ እንግባ። መጀመሪያ «ዓባይ»፤ ለኛ ለባሕር ዳር ነዋሪዎች ሳንነካው የማናልፈው ዘፈን ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከተማችን ጥግ ነው። በየቀኑ ድልድዩን ስናቋርጥ አናየውም፤ የለመዱት ነገር አይታይም። ጂጂ ከሩቅ ሆና ታየዋለች። ግጥሙን በመጀመሪያ የውበት ምስጋና ታደርገዋለች፤ ወንዙ እንደማያረጅ፣ እንደማይነጥፍ፣ ከፍጥረት ጀምሮ ያለ ቁንጅና እንደሆነ ትናገራለች። ቀጥሎ በረሃውን ሲመግብ፣ በማዶ ያሉት ሰዎች ሥጋና ደም ሆኖ ሲገኝ እናያለን። ምስጋናው ሳናውቀው ወደ ጥያቄ ይለወጣል፦ እናቱን ትቶ ለሌላው ሲሳይ የሆነውን ልጅ እናት እንዴት ብላ ትጥራው? ውዳሴ ሰሙ ነው፤ ቅሬታው ወርቁ። የቅኔ አገር ልጅ መሆኗ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ይህ ዘፈን የወጣው የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከመጣሉ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን የዛሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ዓባይ በዘፈን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የቁጭት ወይ የእንጉርጉሮ ስም ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ በቻግኒ በኩል እንደሚያልፍ ስናስብ ደግሞ ገረመን፤ ያ ሁሉ የጭነት መኪና የተመላለሰው በዘፋኟ የትውልድ ከተማ በኩል ነው። ዘፈኑ ግድቡን አልተነበየም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብንል ሂስ ሳይሆን ጥንቆላ ይሆናል። ያደረገው ነገር፣ ወንዙን ከስድብና ከእንጉርጉሮ አውጥቶ እንደ አንድ ክቡር ሰው «አንተ» ብሎ ማነጋገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ቅሬታችንን መናገር አለብን። የማያረጅ ውበት ለሩቅ ሰው ነው። አልበሙ በወጣበት በዚያው በ2001 ጢስ ዓባይ ላይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውኃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር ፏፏቴው ከወትሮው ቀጠነ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ጣና ላይ እምቦጭ ታየ፤ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚቀዝፍበት ጠርዝ አረንጓዴ ምንጣፍ ለበሰ። ታዲያ ጣና ዳር ተቀምጠን «ዓባይን» ስንሰማ አንድ ነገር ጎረበጠን። ውኃው ያረጃል! ይታመማል! ይህ ጥፋት የዘፋኟ ነው አንልም፤ ያልደረሰ ነገር አትዘፍንም። ነገር ግን ዘፈኑን ዛሬ ሐውልት አድርገን ዝም ብለን የምናዳምጠው ከሆነ የኛ ጥፋት ይሆናል። ስለታመመው ውኃ የሚዘፍን ሰው ገና አልመጣም፤ ከመካከላችን መምጣት አለበት።

ሁለተኛው «ዓድዋ» ነው፤ የአልበሙ መዝጊያ። ስለ ዓድዋ ስንዘፍን ልማዳችን የታወቀ ነው፤ ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ ነጋሪት። ጀግናው ይጠራል፤ ጠላት ይዋረዳል። ጂጂ ነጋሪቱን አስቀምጣ በዝግታ፣ ትንፋሿ እስኪሰማ ድረስ ቀርባ ትዘፍናለች። የምታነሳውም የሰውን ልጅ ክብር ነው፤ ሰው ስለ ሰው መሞቱን፣ የእኛ መኖር በሌሎች ደም የተገዛ መሆኑን። ፉከራ የሚያሸንፈውን ሰው ያያል፤ ይህ ዘፈን የሞተውን ሰው ያያል። ስለዚህ ከድል ይልቅ ዕዳ ይሰማናል። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ይህ ዘፈን በየቦታው የሚከፈተው፣ ወጣቱም ሽማግሌውም ሳይጨፍር ቆሞ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

«ለፈረንጅ አስረከበችው» ያለው ጓደኛችን እዚህ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄስ የኛ ነው፤ ግን ይሄ ጃዝ አይደለም» አለ። እኛ የምንለው ደግሞ፣ ጃዝ ባይነካት ኖሮ እንዲህ አድርጋ ባልዘፈነችው ነው። ከጃዝ የወሰደችው ጥሩንባውን ብቻ አይደለም፤ ነፃነቱን ነው። አንድን የታወቀ ነገር ይዞ፣ «እኔ ዛሬ እንዲህ ነው የሚሰማኝ» ብሎ በራስ መንገድ ማለት፤ ጃዝ ማለት በመሠረቱ ይህ ነው። የዓድዋን ዘፈን ከፉከራ ወደ ምስጋና መለወጥ፣ ማንም ሳይፈቅድላት፣ የጃዝ ሰው ድፍረት ነው። መሣሪያው ቢቀንስም መንፈሱ አለ።

ሦስተኛው «ጉራማይሌ» ነው። ስሙን ብቻ እንመልከት። የጎንደርና የጎጃም እናቶች ድዳቸውን ሲነቀሱ አንዱን መስመር ሰማያዊ አድርገው፣ አንዱን በተፈጥሮው ቀይነት ትተው፣ ተራ በተራ ሲያደርጉት ጉራማይሌ ይባላል። ኋላ ቃሉ ለማንኛውም ቅይጥ ነገር ዋለ፤ ንግግራችን ውስጥ እንግሊዝኛ ስንደባልቅበት መምህራን «ጉራማይሌ አትናገሩ» ይሉናል፤ ስድብ ሆነ ማለት ነው። ጂጂ ስድቡን ወደ ጌጥነቱ መለሰችው። በንቅሳቱ ውስጥ ሰማያዊው ቀዩን አያጠፋውም፤ ጎን ለጎን ሆነው ነው ፈገግታውን የሚያሳምሩት። መድረክ ላይ ያየናት እኅታችን «በሁለት ልብ» ስትባል መልስ ብትሰጥ ኖሮ ይህን ቃል ብትመልስ ደስ ባለን። ቅይጥ ሁሉ ጌጥ አይደለም፤ ንቅሳቱም ሲበላሽ ያስጠላል። ግን መመዘኛው የተቀላቀለ መሆኑ ሳይሆን መስመሮቹ ጠርተው መታየታቸው ነው።

ይህ መመዘኛችን ባዶ ቃል እንዳይሆን ፈተና ፈለግንለት፤ ፈተናውንም ራሷ ዘፋኟ ትታልናለች። በ2003 ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንደኛው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ይባላል፤ ላዝዌል የ2001ዱን አልበም ወስዶ ድምፅዋን ከሞላ ጎደል አንስቶ፣ ቤዙንና ከበሮውን አግዝፎ፣ በዱብ ዘዴ እንደ አዲስ የሠራው ነው። ሁለተኛው «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በተባለ ቡድን ስም የወጣው «ዛየን ሩትስ» ነው፤ እዚህኛው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ነገር ቀለል ብሎ፣ አኩስቲክ መሣሪያ ቀርቦ፣ ድምፅዋ ፊት ለፊት ይሰማል። እንግዲህ የ2001ዱ አልበም ሁለት ልጆች ወለደ፤ አንዱ ድምፅ አልባ፣ አንዱ ድምፅ ብቻ ማለት ይቻላል።

ሁለቱን በተከታታይ ከፈትናቸው። የመጀመሪያው ያምራል፤ ማታ መብራት አጥፍቶ ለማዳመጥ ይመቻል። ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዱ፣ «ይሄ የየት አገር ሙዚቃ ነው ብትባሉ ምን ትላላችሁ?» ሲል መልስ አጣን። የየትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ስንከፍት ግን የመጀመሪያዋ ቃል ሳታልቅ ሁላችንም አገራችን ገባን። ምን ማለት ነው ይህ? ጃዙንና ዱቡን ከጂጂ ብንወስድባት ጂጂ ትኖራለች፤ ጂጂን ከነሱ ብንወስድ ግን ቻግኒ አትኖርም፣ ዓባይም አይኖርም። ዋጠ የተባለው አካል አልዋጠም። የክርክራችን ዋና መልስ ይኸው ነው።

እንዲህ ስንል ግን አልበሙ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። አንደኛ፣ በአንዳንዶቹ ፈጣን ዘፈኖች ላይ ከበሮውና ቤዙ ቃሉን ይጫነዋል። ግጥሙን ለመያዝ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ ነበረብን። ግጥሙን ለማያውቅ የውጭ አድማጭ ይህ ጉዳት የለውም፤ ለኛ ግን ጉዳት ነው። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ቋንቋ ነው፤ አንዲት ፊደል ከተዋጠች ወርቁ ከሰሙ ጋር ይጠፋል። አቀናጁ ድምፅዋን እንደ አንድ ውብ መሣሪያ ሰምቶት እንጂ እንደ ግጥም ባለመስማቱ የመጣ ይመስለናል። እንግዳ ያልነው ሰው እዚህ ላይ የባለቤቷን ወንበር ሊቀመጥበት ከጅሏል።

ሁለተኛ፣ «ባለዋሽንቱ»ን፣ «ናፈቀኝ»ን የመሳሰሉ ዘፈኖች ያሉበት አልበም ገጠሩን የሚያየው በናፍቆት ዓይን ነው። ዋሽንት የሚነፋው እረኛ ያምራል፤ ግን ብርድ የሚመታውና ትምህርት ቤት ያልገባው እረኛ የለበትም። በስደት የሚጻፍ ግጥም ይህ ፈተና አለበት፤ ትዝታ መጥፎውን ያጥባል። ከመካከላችን ከገጠር የመጡ ልጆች ይህን አስተያየት በጥብቅ ደግፈዋል። አንዷ ግን ተቃወመች፦ «እናንተ እዚህ ሆናችሁ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ስገባ ሌሊት የማዳምጠው ‹ናፈቀኝ›ን ነበር። የናፈቀ ሰው ጉድለት መቁጠር አይችልም» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረንም። እዚህ ላይ የተለያየን መሆናችንን ብቻ እንመዘግባለን።

ጂጂ በከፈተችው መንገድ ላይ የተራመደ መኖሩን ለማየት ደግሞ ወደ መክሊት ሐደሮ ዘፈኖች ተሻገርን። መክሊት በ1980 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ወጥታ አሜሪካ ያደገች ናት፤ እሷም ራሷ ጽፋ ራሷ የምትዘፍን፣ ከጃዝ ሰፈር ናት። የመጀመሪያ አልበሟ በ2010 ወጣ። በብዛት የምትዘፍነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ መንገዷ የጂጂ ተቃራኒ ይመስላል፤ ጂጂ ከአማርኛ ተነስታ ወደ ጃዝ ስትሄድ መክሊት ከጃዝ ተነስታ ወደ ቅኝታችን ትመጣለች። የሚገርመው ሁለቱም ዓባይ ላይ ይገናኛሉ። መክሊት በ2011 ከግብፃዊው ሚና ግርግስ ጋር የናይል ፕሮጀክትን መሠረተች፤ የተፋሰሱን አገሮች ሙዚቀኞች አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያጫውት ነው። ጂጂ ወንዙን ብቻዋን ጠየቀችው፤ መክሊት በዳርቻው ያሉትን ሁሉ ጠርታ ጠየቀችው። አንዱ ጥያቄ ሌላውን አይሽረውም።

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት እንመለስ። «ወይ አገርኛውን፣ ወይ ፈረንጅኛውን» የሚለው ፍርድ ለሰሚ ቀላል ነው፤ ለሠሪ ግን ሰንሰለት ነው። በጂጂ ላይ ተሰንዝሯል፤ ባለፈው ሰሞን በእኅታችን ላይ ተሰነዘረ። ስንቱ ልጅ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጊታሩን ሰቅሎ እንደቀረ ማን ይቆጥራል? እኛ ተማሪዎች ደግሞ ነፃነትን በየክፍሉ እያወራን፣ መድረክ ላይ የወጣችን ልጅ ከኋላ ወንበር ስንወግር መገኘታችን ያሳፍራል። ትክክለኛው ጥያቄ «ከየት አመጣሽው?» ሳይሆን «በቤትሽ ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው መሆን አለበት። ቃልሽ ከተሰማ፣ ዜማሽ ካልተዋጠ፣ እንግዳው ከየትም ይምጣ፤ ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ይጫወት።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ለልጅቱ አነበብንላት። ጸጥ ብላ ሰማችን። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ስለኔ ዘፈን አንድም ነገር አልጻፋችሁም» አለችን። እውነቷን ነው፤ ስለ ጂጂ ስንሟገት የሷን ዘፈን ረስተነው ነበር። ይህም ራሱ ሂስ ነው፤ ተቀብለነዋል። «እንግዲያው ድገሚልንና እንስማሽ» አልናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር፣ ከዛፎቹ ሥር ልትጫወትልን ቃል ገብታለች። ያ ከኋላ ወንበር የተናገረው ጓደኛችንም እመጣለሁ ብሏል፤ ዘንድሮ ግን ፊት ተቀምጦ ነው የሚሰማው። አንባቢም ይምጣ፤ ስለሷ ዘፈን ያለንን ደግሞ ሰምተን ስናበቃ በዚሁ ገጽ እንጽፋለን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።